ሙከራው አልፏል

አምቦ፣ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ላሳደገችኝ አክስቴ፣ ለአዳዳዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ ገና ሳይገባ የቀኙ እንደ ጀመረሽ ጎረቤትሽ ድንቅቱ ነግራኛለች፤ አንቺማ መች ትናገሪና። ላሚቱ፣ የጓሮው ጎመን፣ የመዘምራኑ ሰዎች ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ በጤናዬ ምንም አልሆንኩም፣ ጌታ ይመስገን። እዚህ ዝናቡ ከሰዓት ከሰዓት ይጥላል፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ተዪው፣ ይልቅ ምሳ በላሽ ወይ ትዪኛለሽ፤ እኔም የበላሁትን ነግሬሽ እዘጋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ስለዚህ ድንቅቱ ዛሬ ለገበያ እንደመጣች ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሥራዬን መቼም በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ለሰው ስታወሪ የኮምፒውተር ሐኪም ናት ትያለሽ፤ ብቻችንን ስንሆን ደግሞ የሰው ስህተት እየለቀምሽ ትኖሪያለሽ እያልሽ ትስቂብኛለሽ። ሁለተኛው ለእውነቱ ይቀርባል። ሶፍትዌሩን ሌሎች ይሠሩታል፤ እኛ ቴስተሮቹ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት እየቀመስን ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እንላለን። ቀማሽን ግን ወደ ማዕዱ ቅረብ የሚለው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት ነው። ቋሚዎቹ በበሩ ዝም ብለው ይገባሉ፣ የእኛ ቦርሳ ይፈተሻል። ስድስተኛው ወር ሲቃረብ ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን፤ የማያስቀው ቀልድ ሁሉ ያስቀናል። ስህተት ስናገኝ እንኳ "ምናልባት የኔ ጥፋት ሊሆን ይችላል" የምትል ነገር ጨምረን ነው የምንጽፈው።

ካርድ ክፍል ውስጥ የታካሚ ስም የምትመዘግቢበትን ሶፍትዌር የሞከርነው እኛ ነን። ይህንን ታውቂያለሽ፤ ጤና ጣቢያችሁ የገባ ዕለት የልጄ እጅ አለበት እያልሽ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው አውርተሻል። የማታውቂው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ጥር መጀመሪያ ላይ አንድ ረፋድ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰው አልነበረም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጣቢታ ለሙከራ የፈጠርናትን አንዲት ሴት እየመዘገበች ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሴትዮዋ ከእሷ በፊት በተመዘገበ ሽማግሌ ካርድ ላይ ተጽፋ አገኘናት። የሽማግሌው በሽታና መድኃኒት የእሷ ሆኗል፣ እሱ ራሱ የለም። ሶኬቱን እየነቀልን ደጋግመን ሞከርነው፤ ከአምስቱ አራቱን ጊዜ እንዲሁ ሆነ። አይግረምሽና ያን ቀን በጣም ደስ ብሎን ነበር። ቴስተር የሚደሰተው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ነው። አሳምረን ጻፍንና አስገባን።

የቡድን መሪያችን ኢብሳ አነበበውና ተጠቃሚ ሶኬት አይነቅልም አለ። ጣቢታ፣ ተጠቃሚው ባይነቅል መብራቱ ራሱ ይሄዳል ስትለው፣ ያ የመብራት ጥፋት እንጂ የሶፍትዌሩ አይደለም፣ ደግሞም ለየጤና ጣቢያው ባትሪ ይገጠማል ተብሏል አላት። ክፉ ሰው አይምሰልሽ። ኢብሳም እንደኛው ኮንትራት ነው፣ ሚስቱም ያኔ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ለየብቻ ጠራን። ይህ ነገር ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ርክክቡ ይዘገያል፣ ርክክቡ ከዘገየ የማናችንም ውል አይታደስም አለን።

ጣቢታ አልፈርምም አለች። እኔ ፈረምኩ። ጥር 14 ቀን፣ "ሙከራው አልፏል" ከሚለው አጠገብ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። እጄን የያዘው ሰው የለም። ባትሪው ይመጣል ብዬ አምኜ ነው እንዳልልሽ፣ እናንተ ዘንድ ይመጣል የተባለ ነገር ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

በሁለት ሳምንቱ የጣቢታ ውል ሳይታደስ ቀረ። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ ካርቶኑን ፈተሹት። አሁን ጉደር አንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሚኒባስ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር አትለኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ አንቺ ደወልሽ። ኦቦ ጅሩ ለደም ግፊት ክትትላቸው መጥተው ኮምፒውተሩ በእሳቸው ቁጥር የአንዲት ወላድ ካርድ አወጣ። አንቺ ፊታቸውን ታውቂያለሽ። ይሄ የሳቸው አይደለም አልሽና፣ እንዲወገድ ከታዘዘው የድሮ ወረቀት ውስጥ የራሳቸውን ካርድ መዘሽ ለሐኪሙ ላክሽው። ገለቶሚ ያ ኢንተላ ኮ ብለው እንደ ልጃቸው አመስግነው፣ መርቀውሽ ሄዱ። እየሳቅሽ ነበር የነገርሽኝ። አዳዳ፣ ያን ቀን ከእኛ ሁሉ የተሻልሽው ቴስተር አንቺ ነበርሽ።

ግንቦት ላይ ግን ሳቁ ቀረ። አርባ ሦስት ካርድ በአንቺ የተጠቃሚ ስም ተበላሽቶ ተገኘ ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉብሽ። ወረቀቶቹን ሳታስወግጂ ማቆየትሽም ሌላ ጥፋት ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ካርድ ያልጠፋባት ሰው! ደውለሽ ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? ጣቴ አርጅቷል መሰለኝ፣ ያንቺን ጥሩ ሥራ አበላሸሁብሽ አልሽኝ። አንቺ እኔን ይቅርታ ጠየቅሽኝ። እኔም አይዞሽ፣ ይጣራል አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መነጽር ላሠራ ብለሽ አምቦ የመጣሽ ቀን ደግሞ ይዤሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዓይንሽ ደህና ነው ሲሉሽ አዘንሽ። ስንወጣ፣ ዓይኔ ካልሆነ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው አልሽኝ። አስፋልቱን እስክንሻገር እጅሽን ይዤ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ባጃጅ ውስጥ አስገብቼሽ ወደ ሥራ ተመለስኩ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኔ 3 ቀን የቋሚነት ደብዳቤ ደረሰኝ። ከኮንትራት ቴስተሮች ቋሚ የሆነች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ፤ "የጥራት ባለሙያ" ይላል። ላበስርሽ ስልኬን ሳነሳ አንቺ ቀድመሽ ደወልሽ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኔ 20 እንደሚሰማሽ፣ ምናልባትም እንደሚያሰናብቱሽ ነገርሽኝ። የኔን ሳልነግርሽ ዘጋሁ። ደብዳቤው እስካሁን ከነፖስታው ነው።

በማግስቱ ኢብሳ ጋ ገብቼ የዘጋነውን የስህተት ሪፖርት መልሰን እንክፈተው አልኩት። ከተከፈተ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ ልጄ ገና አራት ወሩ ነው አለኝ። ቋሚ በሆንሽ በማግስቱ ይህን ማድረግ ለምን አስፈለገሽ ብሎም ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። አልተቆጣሁትም። ደክሞኛል፤ እሱም እንደ ደከመው ከፊቱ ያስታውቃል። አክስቴ ናት ብቻ አልኩትና ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አክስቴ ባትሆኚ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጋር ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። አንዱ ጥር 3 ቀን ስህተቱን ስናገኝ የጻፍነው ነው። ሁለተኛው ጥር 14 ቀን አልፏል ብዬ የፈረምኩበት ነው። ለኮሚቴው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም። አንድ ሰው እየመዘገብሽ ሶኬቱን ራሳቸው ይንቀሉትና በዓይናቸው ይዩት። ጣትሽም ደህና ነው፣ ጭንቅላትሽም ደህና ነው።

ግን አውቅሻለሁ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስሜን ስታዪ፣ ልጄ ከምትዋረድ እኔ ልባረር ብለሽ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ። ስለዚህ ትናንት ጤና ጣቢያችሁ ድረስ መጥቼ የሁለቱንም ቅጂ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በእጄ ሰጥቼ፣ መረከባቸውን አስፈርሜ ተመልሻለሁ። ስወጣ በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል አየሁሽ። ሰው ተሰልፏል፤ አንቺ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ሁለቱን ታስተያያለሽ። ገብቼ ልስምሽ ፈልጌ ነበር። ብገባ ግን ሰልፉን ጥለሽ ሰብሳቢው ቢሮ ድረስ ሄደሽ ወረቀቱን ታስመልሺ ነበር፤ ስለዚህ ከዘበኛው ጀርባ አልፌ ሄድኩ። አትቀየሚኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። ትንሿ ክፍል ውስጥ ያሉትን የበቆሎ ጆንያዎች ወደ ሌላ ቦታ አዛውሪልኝ። አልጋዬ በመስኮቱ በኩል የሚገባ ይመስለኛል፤ ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ድንቅቱ ብትጠይቅሽ ለክረምት ነው በያት።

ጌታ ያን የሐሙስ ቀን ያቅልልሽ። እጅሽን ይባርክልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከፊቴ አያጥፋሽ። ብትቆጪኝም ቁጣሽን በቤትሽ ልስማው።

የወንድምሽ ልጅ፣ ያንቺው