የተረገጠውን ሩዝ የለቀሙት የኦዱ ሉሲያ ጊንሱኒ የሕይወት ታሪክ

መንደሩ ሁሉ ኦዱ፣ አያታችን፣ እያለ የሚጠራቸው ሉሲያ ጊንሱኒ ከአባታቸው ከአቶ ሞኑል ጊንሱኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊንጋም እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1941፣ በሞዮግ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቲኖጉ መንደር፣ አጨዳው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ተወለዱ። እናታቸው የሩዝን መንፈስ በዜማ የሚጠሩ የባህሉ ካህን ነበሩ። በረሃብ ዘመን ፈጣሪ አንዲት ልጁን ሁሚኖዱንን ለሰው ብሎ እንደሠዋት፣ ሥጋዋም ሩዝ ሆኖ እንደበቀለ ለልጃቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይነግሯቸው ነበር። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ሳህኑ ላይ ፍሬ አያስተርፍም። ኦዱም ዕድሜ ልካቸውን አላስተረፉም።

ከ1949 እስከ 1954 በሚሲዮን ትምህርት ቤት ማንበብ፣ መጻፍና በመኪና መስፋት ተማሩ። መነኮሳቱ መጋረጃ ሊያሰፏቸው ቢደክሙም የእርሳቸው ልብ ያለው ጥቁሩ የከፋይ የበዓል ልብስ ላይ ነበር። በ1961 የመከር በዓል፣ በሁሚኖዱን ስም በሚደረገው የቆነጃጅት ውድድር አንደኛ ወጡ። ዳኞቹ ሦስት አሮጊቶች ነበሩ፤ የጠየቋቸውም ለዘር የሚሆነው ነዶ በምን እንደሚለይ ነው። ሽልማታቸው ሁለት ዳክዬ ሲሆን አንደኛዋ ቤት ሳይደርሱ አምልጣ ወንዝ ገብታለች። ቢሆንም ኦዱ ይህን እንደ ትልቅ ሹመት ይኮሩበት ነበር።

በ1963 የመንገድ ሥራ ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ቤኔዲክት ጉንዲል ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አምስት ልጆች ወለዱ። የመጨረሻዋ ኤልፍሪዳ በለጋ ዕድሜዋ ስትሞትባቸው የእርሷን ልጅ ጆቪታን እንደ ልጃቸው አሳደጉ። ባለቤታቸውንም በ1998 በሞት ተነጠቁ።

ከ1974 ጀምሮ የመንደሩ ውድድር ዳኛ ሆነው አገለገሉ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እንኳ አገለገሉ ከማለት ተንገሸገሹ ማለት ይቀላል። መጀመሪያ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ነጋዴ ስፖንሰር ሆኖ ገባ፤ ሩዝ ሲተክሉ ፀሐይ ያጠቆራቸውን ልጆች ኮሚቴው በየተራ ያስቀባቸው ጀመር። ቀጥሎ ሜትር የያዘ ሰውዬ መጥቶ የልጃገረዶቹን ዳሌ እየለካ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ አነበበ። ይህ የሆነው በ2008 ነው። ኦዱ ተነሥተው፣ "ጎሽ ልትገዙ ነው እንዴ የመጣችሁት?" አሉና የነጥብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ማንም ተከትሏቸው አልወጣም።

በቀጣዩ ዓመት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጆቪታ ልወዳደር ብላ ለመነቻቸው። እየተጸየፉም ቢሆን ልብሷን ሰፉላት፤ ሊያዩዋትም ሄዱ። ኮሚቴው ለቴሌቪዥን ያምር ብሎ ሁለት ጆንያ ያልተፈተገ ሩዝ መድረኩ ላይ ዘርግፎ ነበር። የሁሚኖዱንን ስም በትልልቅ ፊደል ከላይ ሰቅሎ፣ ሥጋዋን ከሥር አነጠፈው። ይህን ያደረጉት ባዕዳን ቢሆኑ ሳያውቁ ነው ይባል ነበር። ሁሉም ግን ያንን ታሪክ እናታቸው ጭን ላይ የሰሙ የአገር ልጆች ናቸው። ይህ ዓይን ያወጣ ነውር ነው።

ልጃገረዶቹ በባለ ተረከዝ ጫማ ሩዙ ላይ ሲመላለሱ ኦዱ መድረኩ ላይ ወጡ፤ ተንበርክከውም ፍሬውን ወደ ቀሚሳቸው ይለቅሙ ጀመር። የመድረኩ አስተዋዋቂ፣ "አያታችን ሽልማታቸውን ቀድመው እየወሰዱ ነው" ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ጆቪታም አብራ ሳቀች። ኦዱ አጠገቧ ሲደርሱ ቀና ብለው በለሆሳስ፣ "እግርሽን አንሺ ልጄ፤ ሰው ላይ ነው የቆምሽው" አሏት። ካሜራው ፊቷ ላይ ስለነበር ጆቪታ ፈገግ እንዳለች እግሯን አላነሣችም። ዘውዱንም ወሰደች፤ ከዘውዱ ጋር አንድ ሣጥን ቅባት ተሰጣት።

ኦዱ አልተቆጧትም፤ ከቤታቸውም አላባረሯትም። ጆቪታ ከተማ ገብታ ሥራ ከያዘች በኋላ በየወሩ ስትመጣ ስኳር ድንች ይቀቅሉላታል፣ ዓሣ ይጠብሱላታል። ሩዝ ግን ለአሥራ ሦስት ዓመት አላቀረቡላትም። ከመድረኩ የለቀሙትን ከቤቱ ጀርባ ዘርተው፣ ከየአጨዳው ለዘር እያስቀሩ ያበዙት ነበር። ጆቪታም በየወሩ ይቅርታ ሳትጠይቅ ትመለስ ነበር።

በ2022 መጨረሻ ኦዱ በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። በጥር ወር አንድ ቀን ከዚያ ሩዝ አስቀቅለው ጆቪታን አጠገባቸው አስቀመጧት። በእጃቸው እያጎረሷት፣ "አንዲት ፍሬ እንዳትጥዪ" አሉ። ጆቪታ አልጣለችም።

የካቲት 11 ቀን 2023 በተወለዱ በ81 ዓመታቸው አረፉ። ኦዱ በሕይወት ያሉ የአራት ልጆች እናትና የአሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። እርሳቸው የተረገጠውን አንድ በአንድ እንደሰበሰቡ፣ ፈጣሪም ነፍሳቸውን ሰብስቦ ከሚወዷቸው ጋር በቤቱ ያኑርልን።

ከቀብር መልስ የሚቀርብላችሁ ሩዝ ከዚያው ዘር የበቀለ ነው። ሳህኖቻችሁን የምትሰበስበው ይህን የጻፈችው ጆቪታ ናት፤ እባካችሁ አታስተርፉ።