የማይለቀመው ሱፍ

ለእህቴ ለልደት፣

እማዬ ደብዳቤዋን በምርቃት ነበር የምትጀምረው፤ እሷ ካረፈች ተራው የእኔ ነውና ማርያም በሄድሽበት ትቅደምልሽ። እኛ በሰው አገር፣ ካላክላ ደህና ነን፣ እንደ አገሩ ሰው አፍ አልሐምዱሊላህ።

የሱፍ አበባው ፈካ! አባዬ የመኪና ባትሪ ሲፈታበት በኖረው ግቢያችን፣ የባትሪው መርዝ እርሳስ አለበት ተብሎ እማዬ ጎመን እንዳትተክል በተከለከለችበት አፈር ላይ! ቁመቱ በልጦኛል። የሳይንስ አስተማሪዬ፣ ሥሩ መርዙን ቀስ በቀስ ይስባል ብለውኛል።

ትናንት ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ለጾም ሱፍ ሊለቅሙ ዘንቢል ይዘው መጡ። «ኧረ ተዉ እትዬ፣ መርዝ ነው!» ብላቸው፣ «ታዲያ ማን እንዲህ አምረህ ብቀል አለው?» ብለው አበባውን ተቆጡት። ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አፈሩ እስኪነጻ ዓመታት ይፈጃል። የእማዬን የጎመን ዘር ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ኢንሻአላህ ያን ጊዜ ነይልኝ፤ ያለ አንቺ አልዘራውም።

ወንድምሽ ጥዑመልሳን