«የሚጠፉ» ውስጥ አገኘሁሽ

እታለም፣

ከተለየሽን አራት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ አንቺ ትመስይኛለሽ። ሰኞ ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ሐሙስ እንዴት ይቀበራል? ሰው ሁሉ «የእግዜር ሥራ ነው» ይለኛል። አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ እስካሁን አልገባኝም።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ ዋሸሁ። የፎቶ ቤትሽ ቁልፍ እማዬ መቀነት ላይ ታስሮ ይውል ነበር። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ተማሪ መጥቶ በሩን ዝግ ሲያገኘው ትንሽ ቆሞ ይመለስ ነበር።

ለለቅሶሽ ፎቶ ታጣ፤ ታምኚኛለሽ? የቆሰበርን ከተማ ሰው በሙሉ ፎቶ ስታነሺ የኖርሽው አንቺ፣ የራስሽ አንዲት ደህና ፎቶ አልተገኘችልሽም። ከስምንተኛ ክፍል መታወቂያሽ ላይ ጉርዷን ነቅለን አስተለቅናት፤ ደበዘዘች። እማዬ በለቀስተኛው ፊት አየት አደረገቻትና «ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄን ፈልግልኝ።»

ከአርባሽ በኋላ ቁልፉን ተቀብዬ ኮምፒውተርሽን ላበራ ገባሁ። ገና ሳበራው መብራቱ ሄዶ ተመለሰ፤ ከውስጡ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ጸጥ አለ። በራስሽ ካቻቢቴ ፈታሁት። ፎቶው ሁሉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው ስትይ ሰምቼ ነበርና እሱን አውጥቼ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ጋር በኬብል አገናኘሁት። ምንም። አይዞር፣ ድምፅ አያሰማ። ሮጬ ገብቼ ለእማዬ «ዲስኩ ሞቷል» አልኳት። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ! ቃሉን ስትሰማ እዚያው መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። «እሷም ሞተች፣ እሱም ሞተ፤ ማን ሊቀር ነው?»

ቅዳሜ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ኮምፒውተር ጠጋኙ አገላብጦ አየውና ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ በቁሙ ልትቀብረው ነበር እኮ! ይሄ የዴስክቶፕ ነው። የላፕቶፑ ትንሹ ዲስክ ቢሆን በኬብሉ የምትመጣው መብራት ትበቃው ነበር፤ ይሄ የራሱን ካልሰጠኸው አይነሳም።» ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያለው ማገናኛ አወረደና ሰካው። እታለም፣ ሲዞር ሰማሁት! ጠዋት ጠዋት ሱቅሽን ስትከፍቺ የምሰማው ያ እርርር የሚለው ድምፅ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት።

ማገናኛውን ገዝቼ ቤት ገባሁና ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። እንደ ልማዴ ጣቴ «እሺ» ከሚለው ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ድምፅሽ መጣብኝ፤ «አንተ እሺ ባይ! ሳታነብ እሺ፣ ሳትሰማ እሺ!» ጣቴን መልሼ አነበብኩት። ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ወይ ነበር የሚለው። ያለሽን ሁሉ በአንድ እሺ ላጠፋው ነበር! ላፕቶፑን ዘግቼ ዲስኩን ነቀልኩትና የላላውን ኬብል አጥብቄ እንደገና ስሰካው ተከፈተ።

የከተማው ፊት ሁሉ ወጣ። ሙሽሮች፣ ከጥሊሊ ለመታወቂያ የመጡ ገበሬዎች፣ ዘንገና ዳር የተደረደሩ ተመራቂዎች። አንቺ ግን የለሽም። መጨረሻ ላይ «የሚጠፉ» የሚል ፎልደር ቀረ። የተበላሹ ናቸው ብዬ ላልፈው ነበር። ስከፍተው አንቺ ነሽ። አንቺ ብቻ! ለካ በየጠዋቱ ደንበኛ ሳይመጣ መብራቱን ለመሞከር በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን ታነሺ ኖሯል። እያዛጋሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ነጠላሽን እያስተካከልሽ፣ ምላስሽን አውጥተሽ። ልታጠፊያቸው አስበሽ ሳይሆንልሽ የቀረ ስንትና ስንት ጠዋት።

የመጨረሻዋ የዚያ ሰኞ ናት። ግንባርሽን በእጅሽ ይዘሻል፤ አፍሽ ተከፍቷል፣ እየተናገርሽ ነው። ከኋላሽ በክፍቱ በር ዩኒፎርም የለበሰ ጀርባ ይወጣል። ጀርባው የኔ ነው። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፤ የኔ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ «ራሴን አሞኛል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁን ያዝልኝ፣ ትንሽ ልተኛ» ነበር ያልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ። ሳልሰማሽ። ከክፍል ስወጣ ኳስ ሜዳ ሄድኩ፤ አንቺ ሱቁ እስኪዘጋ በእግርሽ ቆምሽ። ብትተኚ ትድኚ ነበር ወይ? ማንን ልጠይቅ?

ይቺን ፎቶ ለእማዬ አላሳየኋትም። እሷ ከሌሎቹ ውስጥ ምላስሽን ያወጣሽበትን መረጠች። ጎረቤቶች «ለሟች እንዲህ ያለ ይሰቀላል እንዴ?» ቢሏት «ልጄ ይቺ ናት» አለችና ሰቀለችሽ። ከዚያ የሱቅሽን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አልረሳሽም፣ እታለም። ጠዋት ጠዋት በርጩማሽ ላይ ተቀምጬ መብራቱን በራሴ ፊት እሞክራለሁ፤ ፎቶዎቹንም አንቺ ካለሽበት ፎልደር አስገባቸዋለሁ፣ አንዱንም አላጠፋም። የዚያን ሰኞ ያልሽኝን አሁን ሰምቼሻለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁን እይዝልሻለሁ። አንቺ ተኚ።

እሺ፣ እታለም። እሺ።