ጫፉ የተጣመመው የወርቅ ብዕር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

የአይሻ ጣቢያ ነፋስ እንዴት ይዞዎታል? አሸዋው ዓይንዎን አላስቸገረዎትም? እኔና አክስቴ ይርገዱ ደህና ነን፤ የጎደሉን እርስዎ ብቻ ነዎት።

መልስዎ ደርሶናል። ማለቴ የመሐሙድ መልስ ደርሶናል። «የወይዘሪት ሰርካዲስ ወልደማርያም የጋብቻ ጥያቄ በጥሞና ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን» ይላል። አባባ፣ በሞቴ! እኔ ልጅዎ ነኝ ወይስ የባቡር ጭነት? የጣቢያችሁ ጸሐፊ ጨዋ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። መጀመሪያ እየሳቅሁ አነበብኩት፣ ኋላ ግን አለቀስኩ። አክስቴ «ፈቅዷል እኮ! ደግሞ ምን ቀረሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። «የአባባ እጅ አይደለም» አልኳት። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ከየጣቢያው ሲጽፉልኝ፣ ያ ወደ ጎን ዘመም ያለው ጽሑፍዎ ቀርቶብኝ አያውቅም።

ቅር እንዳለዎት አውቃለሁ። ሽማግሌ የመጣ ዕለት እንደ ደንቡ «ዘመድ ላማክር» ብለው መሸኘት ሲችሉ፣ «የልጁን የእጅ ጽሑፍ ልይ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኃይለጊዮርጊስ ደግሞ ጉድ ነው፤ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ እያወቀ ከባቡር ጥገናው ወጥቶ መንገድ ማዶ ቆሞ ነበር። እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ተጠርቶ ገባ። እርስዎም ለረጅም አገልግሎትዎ የተሸለሙትን፣ ለዚያ ቀን ክብር ቀለም የሞሉትን የወርቅ ብዕር አውጥተው «ስምህን ጻፍ» አሉት። ምስኪን! ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ በጠመኔ ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው። ተጫነው። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

ጫፉ ተጣመመ፤ ቀለሙም ስሙ ላይ ተዘረገፈ። እርስዎም ብዕሩን ጠርገው ኪስዎ ከተቱና በማግስቱ ባቡር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በመሐሙድ እጅ የተጻፈ ነው።

አባባ፣ ድፍረት አይሁንብኝና ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። እኔ ከዚራ ሱቅ ቆሜ ብዕር የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ለገዢው ሁሉ የምለውን ለእርስዎም ልበልዎት። ብዕር የሚገራው ሲጽፉበት ነው። እየዋለ እያደረ ጫፉ የባለቤቱን እጅ ይለምዳል፤ ሰዉም ብዕሩን ለሌላ ማዋስ የማይወደው ለዚህ ነው። የእርስዎ የወርቅ ብዕር ግን የማንንም እጅ አያውቅም ነበር፤ የእርስዎንም ጭምር! እሁድ እሁድ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመለሳል፣ በቃ።

እኔ አሁን የምጽፍልዎት በርካሽ ብዕር ነው። ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ መጋላ ገበያ የሚቸረቸረውን ጥቁሩን ያውቁታል። የሱቁን ደረሰኝ እጽፍበታለሁ፣ አክስቴ የምትልከኝን የገበያ ዕቃ እጽፍበታለሁ፤ ቢወድቅብኝ አልደነግጥም። አንዳንዴ ጣቴን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ እንግዲህ ምን ይደረግ! ኃይለጊዮርጊስም እንዲህ ያለውን ገዝቶ፣ ከሥራ ሲወጣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይለማመድበታል። ጓደኞቹ «መካኒኩ ጸሐፊ ሊሆን ነው!» እያሉ ይስቁበታል። እሱ እቴ! ምን ገዶት። አባባ፣ እወደዋለሁ። ለሌላ ሰው እንዲህ አልናገርም፤ ለእርስዎ ግን ምን እደብቃለሁ?

ለእርስዎም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ እልካለሁ። ባቡር ላይ የሚሠራው ገዲ ይዞት ይመጣል፤ በእጅዎ ያስረክብዎታል። ቀለም ሞልቼበታለሁ። አደራዎን፣ ለክት ብለው እንዳያስቀምጡት። ሌላ ቢያጡ እንኳ «ዛሬም ነፋስ ነበር» ብለው ይጻፉበት።

ሽማግሌዎቹ የሰማንያውን ቀን ለጥር እንቁረጥ እያሉ ነው። እኔ «ቆዩ» ብያቸዋለሁ። አክስቴ «አብደሻል» ትለኛለች። ይሁን። በመሐሙድ እጅ የመጣ እሺታ ይዤ ከቤትዎ አልወጣም። ከልብዎ ካልሆነም ይጻፉልኝ፤ አለቅሳለሁ እንጂ አልቀየምዎትም። የምለምንዎት በገዛ እጅዎ የተጻፈች አንዲት ቃል ናት። ብትዝረከረክ፣ ቀለም ቢንጠባጠብባት ግድ የለኝም።

የአይሻ ባቡር በጮኸ ቁጥር ሱቁን ጥላ ወደ ጣቢያ የምትሮጥ ልጅዎ፣
ሰርካዲስ

ከዚህ በታች ያለውን ኃይለጊዮርጊስ ይጻፈው ብዬ ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ።

ጋሼ ወልደማርያም፣ ይህን የጻፍኩት ለእርስዎ በሚላከው ብዕር ነው። ጫፉን ይዩት። አልተጫንኩትም።
ኃይለጊዮርጊስ