የሚታጠፍ ዱላ

እሑድ፣ ሜይ 4
ከፋብሪካ ስመለስ ኖፊትን ከልምምድ ላመጣት ሄድኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት ልጄ። ረጅም ዱላ ይዛ ትሮጣለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ትሰካዋለች፣ በዱላው ተነስታ ከላይ የተጋደመውን ዘንግ ትዘላለች። ስፖርት ነው አሉ። እኛ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራት ነበር።

አሰልጣኟ ሊኦን የመኪናዬን ጣራ አየና፣ "ዱላዎቹ አውቶቡስ አይገቡም፣ አንተ ታመላልሳለህ" አለኝ። ቤሰደር አልኩ፣ እሺ ማለቴ ነው በዕብራይስጥ። ሾፌር ሆንኩ በቃ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
ሁለት ዱላ አላት። አንዱ ለሃምሳ አምስት ኪሎ ሰው፣ አንዱ ለስልሳ። ዱላ በኪሎ... እንደ ሽንኩርት።

በለስላሳው ስትዘል አየሁ። ጎበጠ። ይኼ ዱላ ነው? አባቴ የወይራ ዱላ ሲመርጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጫነዋል፤ እሺ ብሎ ከጎበጠ ለማገዶ ነው። ሊኦንን ጠየቅሁት። "ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባት ለስላሳውን፣ ከኋላ ከገፋት ጠንካራውን" አለኝ። ሩስያዊ ለጎንደር ሰው ዱላ ሊያስተምር። ዕድሜ ከሰጠን ገና ብዙ እናያለን።

ሰኞ፣ ሜይ 12
ነገ ውድድር፣ ሩቅ ነው። ጥሩ ከዘለለች ለብሔራዊ ቡድን ትመረጣለች። ሌላ ወሬ የላትም፣ ስትበላም ስትተኛም ይኼው ነው።

"አባ፣ ሁለቱንም ጫን" አለች።

"እንዳለችህ አድርግ፣ ካሳው" አለች እናቷ ዘቢደርም።

ለስላሳውን ምድር ቤት ተውኩት። ሰው በተሰበሰበበት የሚታጠፍ ነገር ይዛ ልትቆም? መሳቂያ። ዱላዎቹ የሚገቡበት ማቀፊያ ረጅም ነው፣ አንድ ይሁን ሁለት ከውጭ አይለይም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13
ነፋሱ ፊት ለፊት...

ማቀፊያውን ከፈተች። እጇን እስከ ታች ሰደደች፣ ደግማ ሰደደች።
"ሌላውስ?"
"ጠንካራውን አመጣሁልሽ።"
ሊኦን በሩስኛ የሆነ ነገር አለ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ኢንባር የምትባለው ጓደኛዋ ዱላዋን ልታውሳት ነበር፤ "ለቀጭን ሰው የተሠራ ነው፣ ይሰበርባታል" ብሎ ሊኦን ከለከለ።

ዱላዬ፣ ያ ጀግናው፣ ንቅንቅ አላለም። ሮጣ ስትሰካው ወደ መጣችበት መልሶ ወረወራት። ሦስቴ። በመጨረሻው በጀርባዋ ወደቀች። አበቃ። ኢንባር በዚያ በሚጎብጠው ዱላዋ አለፈች።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። "የምትዘለው አንተ ነህ?"

ሐሙስ፣ ሜይ 15
እራት ስቀመጥ ተነስታ ሄደች። ዘቢደር፣ "በማታውቀው ምን ጥልቅ አደረገህ?" አለች። ተናደድኩ። በማን ነው የምናደደው? ዱላ አውቃለሁ ብሎ በሚኮፈስ ጅል... እሱ እኔ ነኝ። ጀርባዋን እያሸች ስታልፍ ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ጁን 10
ሁለተኛ ማጣሪያ። ሌላ ዕድል የለም። ዱላዎቹን ሊኦን በራሱ መኪና ጫነ፣ እሷም ከሱ ጋር ሄደች። እኔ ሳልጠራ ተከተልኩ።

ነፋሱ አሁንም ፊት ለፊት ነበር። ለስላሳውን አነሳች። ጎበጠ... ጎበጠ... የሚሰበር መሰለኝ፣ አይኔን ልጨፍን ነበር። ከዚያ ቀና ሲል ልጄን ይዟት ወጣ። ዘንጉን ሳትነካ አለፈች።

ከክርያት ሞጽኪን ከተማ የመጡ አንድ ያገራችን ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው፣ "ይኼማ ሸንበቆ ነው፣ ዱላ አጥታ ነው?" ይላሉ።
"ዝም ብለው ይዩ" አልኳቸው። ሌላም አፌ ላይ ነበር፣ ለሽበታቸው ስል ዋጥኩት። የማያውቁት ነገር ውስጥ ምን ያገባቸዋል?

ተመረጠች። ሄጄ አቀፍኳት፣ እሷም አቀፈችኝ። "ዱላዎቹን እኔ ላድርሳቸው?" አልኳት።
"ተወው አባ፣ ሊኦን ይወስዳቸዋል።" በክፋት አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው ያለችኝ።

ብቻዬን ወደ ሰፈራችን ወደ ኔቬ ዮሴፍ ነዳሁ። ምን እላለሁ? እኔም ብሆን ዱላዎቹን ለኔ አልሰጥም።