የቦሎቄ ማሳህ ቆጠራ

ሳሚዬ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላ። አዲስ ከተማ ያለው ቤታችን ያው ነው፤ እናትህ ግን ከቀብርህ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። መጻሕፍትህ ባሉበት ክፍል ይተኛሉ፣ አንዱንም እንዳነሳ አይፈልጉም።

ሆስፒታል ተኝተህ እጄን ይዘህ "የነፍሳት ቆጠራው እንዳይቋረጥ፤ አንድ ሳምንት ከጎደለ ጥናቴ ዋጋ የለውም" ስትለኝ እሺ አልኩህ። ሌላ ምን ልበልህ? በሦስተኛው ቀን ሄድክ። እኔ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ በረሮ ሳይ የምጮኸው ሚስትህ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ሰዓት በፊት የዩኒቨርሲቲው ማሳ ውስጥ መገኘት ጀመርኩ።

የማደርገው ደብተርህ ላይ እንደጻፍከው ነው። ገና ቀዝቀዝ እያለ፣ ነፍሳቱ ሳይነቃቁ፣ በሁለት መስመር መሃል ነጩን ጨርቅ ዘርግቼ ቦሎቄውን አራግፋለሁ። የወደቁትን በቱቦው በአፌ እየሳብኩ ብልቃጥ ውስጥ አስገባለሁ። አንድ ቀን ቱቦው ላይ የሚታሰረውን ሻሽ ረስቼ ጥንዚዛ ዋጥኩ፤ ብታየኝ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ጤዛው ሲደርቅ በነፍሳት መያዣው መረብ ቅጠሉን እየጠረግኩ ማሳውን አቋርጣለሁ። ብልቃጡ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት በእርሳስ እጽፋለሁ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል ብለኸኛል።

አንዱ ምርት ተሰብስቦ ሌላው ተዘራ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እናትህ ለጎረቤት "ልጄ አልሞተም፣ ሥራው በእሷ እጅ አለ" ሲሉ ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እህቴ ድሬዳዋ እሷ ጋ ሥራ አግኝታልኝ ነበር፤ መልስ ሳልሰጥ ቦታው ተያዘ። ሳሚ፣ ተናድጄብሃለሁ። የሚወደኝ ሰው እንዴት እንዲህ አስሮኝ ይሄዳል እያልኩ ብቻዬን አጉረመርማለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ቦሎቄው መሃል ቁጭ አልኩ። ጨርቁ ላይ የወደቁት ጥንዚዛዎች አንድ በአንድ እየበረሩ ሲሄዱ አንዱንም አልያዝኩ። ቀጥታ አማካሪህ ቢሮ ገብቼ "ከዚህ በኋላ አልችልም" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው "የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ መጽናኛሽ መስሎን ነው። ለሌላ ተማሪ ብንሰጠው የምንቀማሽ መሰለን" አሉኝ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ሳሚ! በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ግን እናትህ እንደ ልማዳቸው መረቡን በር ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። ማቆሜን ነገርኳቸው። መረቡን አንስተው ክፍልህ ገቡና ዘጉ። ምሳ ብዬ ባንኳኳም አልከፈቱልኝም። ትቻቸው መውጣት አልቻልኩም፤ ይህን የምጽፍልህ በራቸው ሥር ተቀምጬ ነው።

ቃሌን አጥፌአለሁ፣ ይቅር በለኝ። እንዳልረሳህ ግን አደራ አያስፈልገኝም። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ ነጭ ሸሚዝህ ላይ የቃሪያ ዳጣ አፍስሰህ፣ እንዳላይብህ እስከ ቤት ድረስ ደረትህን በእጅህ ሸፍነህ የሄድከው አንተ፣ እስካለሁ ከእኔ ጋር ነህ።

ሚስትህ