ኤሊው በአምስት ሺህ ዙር

ለተከበሩ የጀልባ ጣቢያው የደኅንነት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የሰው ሞት በሦስት ቀን መርምሮ የሚጨርሰውን ትጉህ ጽሕፈት ቤትዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር፣ ባለፈው ወር ጀልባው ተገልብጦ የሞተው ነጂ ታላቅ ወንድም ነኝ። ተሳፋሪዎቹ «ኤሊው» ይሉት ነበር፤ ከእሱ ጋር ከመሄድ ሐይቁ እስኪደርቅ ጠብቆ በእግር መሻገር ይሻላል እያሉም ይቀልዱበት ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሰው በፍጥነት ከሶታል። ማስረጃው ከውሃ የወጣው የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ነው፤ መርፌው በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር ላይ ቆሞ ተገኘ። ከዚያም የተሰባበረው ጀልባ ፎቶ ያለበትን «ፍጥነት ይገድላል» የሚል ሰሌዳ መሳፈሪያው በር ላይ አሰቀሉ። የወንድሜ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱና ሲመለሱ ያነቡታል፤ ንባባቸው ስለተሻሻለ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ቆጣሪውን ሳይከፍቱ ፈርደው ስለመለሱልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያልተነካው የብሎኖቹ ዝገት ይመሰክርልዎታል።

ሁለተኛ፦ መካኒክ ጎረቤቴ አሮጌውን ሞተር አድርቆ ግቢያችን ውስጥ ውሃ በሞላ በርሜል ላይ አሰረው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። የቀረው ባትሪ ማገናኘት ብቻ ሲሆን፣ ለዚያ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የዚህ ዓይነት ቆጣሪ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥበት መርፌው ባለበት ይቀራል፤ ሲመለስለት ግን ቦታውን ይለቃል። መርፌውን እዚያ ያደረሰው የወንድሜ እጅ ነው። ቆጣሪው ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር፣ እየነዳ ያለ ሰው እንዳልረብሽ ያህል እርምጃዬን አለዝብ ነበር። ሚስቱ «ጋሼ፣ እሱን እንኳ ይተዉልን» አለችኝ። ባትሪውን ሳገናኝ መርፌው አንዴ ተንቀጥቅጦ ወደ ዜሮ ወረደ። እሷም ወደ ቤት ገባች።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ሲነሣ የመካኒኩ የእጅ መለኪያ አንድ ሺህ ሲል የወንድሜ ቆጣሪ ሁለት ሺህ አለ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲል ሦስት ሺህ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። የሞተሩ ዲናሞ አሥራ ሁለት ማግኔት አለው፤ ከቆጣሪው ጀርባ ያለችው የማግኔት ቁጥር መምረጫ ትንሽ ማዞሪያ ግን ስድስት ላይ ተደርጋለች፤ ስለዚህ እጥፍ ይቆጥራል። ወንድሜ የሄደው በሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው፤ የኤሊ መንገድ። ቆጣሪውን ባለፈው ዓመት የገጠመው የእርስዎ ባለሙያ ነው፤ ፊርማው ከማኅተምዎ ጋር ጀርባው ላይ ተለጥፏል። መካኒኩ ሊያጽናናኝ ብሎ «መምህር፣ ይሄ መቼም የእርስዎ ተማሪ አይሆንም» አለኝ። ፊርማውን ግን አውቀዋለሁ። ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፌ የጎደለው በእርስዎ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፦ ታዲያ ምን ገደለው ብለው ቢጠይቁ፣ ውሃው ውስጥ ተደብቆ የቀረው የአሮጌው መሳፈሪያ ምሰሶ ነው። ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክቱ መጥፋቱን ወንድሜ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቷል። ሁለቱም ማመልከቻዎች የጽሕፈት ቤትዎ «ደርሷል» የሚል ማኅተም አርፎባቸዋል፤ ቅጂያቸው በእጄ ነው። መዝገቡ እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ምርመራዎ እንደ ወንድሜ ጉዞ የረጋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
የኤሊው ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሌዳዎን ከበሩ ላይ ቢያጡት ሌባ አይፈልጉ። ዛሬ ጠዋት አውርጄ፣ በሁለት ባዶ ጀሪካን አንሳፍፌ፣ ምሰሶው ላይ አስሬዋለሁ። «ፍጥነት» የሚለውን ቃል ብቻ በቀለም አጥፍቼዋለሁ፤ የቀረው ትክክል ነው።